ካፒቴኗ ብትሸሽ ፈሪ ናት? ለአንድ የጠፈር ልብ ወለድ ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ካፒቴን ስንዱ 46 ሰው የጫነች መርከቧን ይዛ ወደ አንድ የማዕድን ጣቢያ ስታመራ፣ ሦስት የጠላት መርከቦች ጣቢያውን ከበው ታገኛቸዋለች። ዞራ ትሸሻለች። ረቂቁን ያነበቡልኝ አራት ሰዎች በአንድ ድምፅ «ፈሪ ናት፤ የስታር ትሬኩ ካፒቴን ከርክ ቢሆን አይሸሽም ነበር» አሉኝ። ለእኔ ግን ውሳኔዋ ትክክል ነው። ምን ጎደለኝ? ምክትሏ ፊት ለፊት «ፈሪ ነዎት» የሚልበትን ቦታስ ላውጣው ወይስ ይቆይ?

መልስ፦

በመጀመሪያ የከርክን ነገር እናጥራ። ከርክ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ሁለተኛው የስታር ትሬክ ፊልም፣ ለጥሪ መልስ ሳትሰጥ እየቀረበች የመጣችን የወገን መርከብ አምኖ ጋሻውን ሳያነሳ ይቀራል። ወጣቷ መኮንን ሳቪክ ደንቡን ልታስታውስ አፏን ስትከፍት ዝም ያሰኟታል። መርከቧን ለካ ጠላቱ ካን ቀምቷታል፤ የከርክ መርከብ ኢንተርፕራይዝ ትመታለች፣ ሞተር ክፍሉ ይጋያል፣ ተለማማጆች ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ከርክ ደረቱን ነፍቶ አይገጥምም። እጅ ለመስጠት የሚደራደር መስሎ ያዘገያል፣ የጠላትን ጋሻ በምስጢር ቁጥር ከሩቅ ያወርዳል፣ ጥቂት ተኩሶ ያቆስለዋል፤ ኋላም መርከቡን ይዞ ወደ ኔቡላ (የጠፈር ጋዝና አቧራ ደመና) ይሸሻል። ኔቡላው ውስጥ የማንም ጋሻ አይሠራም፣ የማንም መመልከቻ በቅጡ አያይም። የካን ብልጫ እዚያ ይቀልጣል። ረዳቱ «አንግባ» እያለው ካን በንዴት ተከትሎ ይገባል፤ ከርክ ቁልቁል ሰምጦ ከኋላው ብቅ ይላል።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ተመልካች ፈሪ አላለውም። ለምን? ሽሽቱ የመጣው ከተመታ በኋላ ስለሆነ ነው። የቆሰለ ሰው ሲያፈገፍግ አይታማም። የእርስዎ ስንዱ ግን አንድ ጥይት ሳይተኮስባት፣ ቀለሟ እንኳ ሳይፋቅ ነው የምትዞረው። ቋጠሮው እዚህ ላይ ነው፤ በጠፈር ላይ ትክክለኛው የማፈግፈጊያ ሰዓት ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት ነው፤ ስለዚህም ሁልጊዜ ፍርሃት ይመስላል። ምዕራፍዎ የጎደለው የስንዱ ጀግንነት አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። አንባቢው መቼ እንደሚረፍድ አያውቅም።

ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል፤ ለረቂቅዎ የሚሆን አንድ ሁኔታ ልሥራልዎ። መርከቧ ወደ ጣቢያው በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር እየገሰገሰች ነው እንበል። ጠላቶቹን ያየቻቸው በ100,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። መሣሪያቸው እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ይገድላል። የእርሷ ሞተር ቢበዛ 3 ጂ (የምድርን ስበት ሦስት እጥፍ) ይሰጣል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 180 ኪሎ ሆኖ ይሰማዋል ማለት ነው፣ ሁሉም ሰው ወንበሩ ላይ ተጋድሞ መታሰር አለበት።

በባሕር ላይ መሪ ይዞራል፣ መርከቢቱም ትዞራለች። በጠፈር ላይ አፍንጫን ማዞር ምንም አያመጣም፤ መርከቧ ወደ ኋላ እያየች ወደ ፊት መሄዷን ትቀጥላለች። ያንን 20 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ለማጥፋት በ3 ጂ 680 ሰከንድ፣ ማለትም ከ11 ደቂቃ በላይ መንደድ ያስፈልጋል። በእነዚያ 11 ደቂቃዎች ውስጥ መርከቧ 6,800 ኪሎ ሜትር ወደ ጠላት ትንሸራተታለች። 5,000 እና 6,800 ሲደመሩ 11,800 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ መስመር ያለፈች ካፒቴን ጀግናም ትሁን ፈሪ መቆም አትችልም። ከመጀመሪያው እይታ እስከዚያ መስመር ያለው ጊዜ 73 ደቂቃ ነው። ሞተሩ ተበላሽቶ 1 ጂ ብቻ ቢሰጥ ደግሞ መቆሚያው 20,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የመወሰኛው መስመር ወደ 25,400 ይርቃል፣ ጊዜዋም ወደ 62 ደቂቃ ያጥራል።

ይህ 73 ደቂቃ የምዕራፍዎ ልብ ነው። በረቂቁ «ወዲያው ዞረች» ይላል። ወዲያው ከሆነ ድንጋጤ ነው። በ70ኛው ደቂቃ ላይ ከሆነ፣ ያውም እስከዚያ ምን ስትጠብቅ እንደነበር አንባቢው ካወቀ፣ ውሳኔ ነው። ጣቢያውን ስትጠራ ይታይ፤ በሕይወት ያለ ሰው ካለ የሚመልስበት ጊዜ ትስጥ። የሦስቱ መርከቦች ሞተር መሞቅ አለመሞቁን ታስለካ።

አሁን ደግሞ ብዙ ጸሐፊ የሚስተው ነገር። ዞሮ መሸሽ በጠፈር ላይ ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው። ለመመለስ መጀመሪያ ዜሮ ፍጥነት ላይ መድረስ አለባት፤ ጠላት ፊት ለአፍታ ቀጥ ብላ ትቆማለች ማለት ነው። ስታቆምም የሞተሯ እሳት ፊቱን ወደ ጠላት አዙሮ እየነደደ ነው፤ ብርሃን 100,000 ኪሎ ሜትር በሲሶ ሰከንድ ስለሚያልፍ በድብቅ የሚሆን ነገር የለም። ነዳጁም ይበላል፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ በሰከንድ 50 ኪሎ ሜትር የሚፈጥን ቢሆን፣ ለመቆም ብቻ የመርከቧ ጠቅላላ ክብደት 33 በመቶ ነዳጅ ሆኖ ይወጣል። ቆሞ በመጣበት ፍጥነት ለመመለስ ደግሞ 55 በመቶ። ግማሽ መርከብ አቃጥላ ነው የምትሸሸው።

ሌላው መንገድ ወደ ፊት መሸሽ ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሳለች ሞተሩን ወደ ጎን አዙራ በ3 ጂ ለ40 ሰከንድ ብታነድ፣ በሰከንድ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ የጎን ፍጥነት ታገኛለች። ከዚያ ሞተር ታጠፋለች። በጠላት አጠገብ ስታልፍ ከ5,800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነው፤ ከመሣሪያው ክልል ውጭ። አርባ ሰከንድ! ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ይህንኑ 12,000 ኪሎ ሜትር እስኪቀራት ብትጠብቅ፣ ቀሪዎቹን 10 ደቂቃዎች በሙሉ በ3 ጂ ብታነድም ወደ ጎን የምታገኘው 5,300 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ መሃል ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ክልሉ ውስጥ መግባቷም አይቀርም።

ጠላት በእርግጥ ቆሞ አይጠብቅም፤ ሊያሳድድ ይነሳል። ግን አጠገቡ ያለፈችው መርከብ በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር እየሄደች ነው፤ እርሱ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። በ3 ጂ የእርሷን ፍጥነት እስኪያገኝ 11 ደቂቃ ያልፋል፣ በዚያን ጊዜ 6,800 ኪሎ ሜትር ቀድማዋለች። ለድራማም ቢሆን ይህ የተሻለ ነው፤ የማዘዣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ካፒቴኗ «ወደ ፊት» ስትል ልትገጥም መስሏቸው ደስ ይላቸዋል፣ ከአርባ ሰከንድ በኋላ ሞተሩ ሲጠፋ ነው የሚገባቸው። እኔን ብትጠይቁኝ ምዕራፉን እንዲህ ነው የምቀይረው፤ ዞራ ከምትሸሽ አልፋቸው ትሽሽ። የአርባ ሰከንዱ መንገድ የሚሠራው ግን ቀድማ ስትወስን ብቻ ነው፤ እስከ 70ኛው ደቂቃ መጠበቁ ዞራ ለምትሸሽበት ረቂቅ ነው።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ዋጋው ነው። ምንም የማያስከፍል ሽሽት አንባቢን ያስቆጣል። «ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» በተባለው የስታር ትሬክ ተከታታይ ድራማ የካፒቴን ፒካርድ የመጀመሪያ ክፍል (1987) ይህን በሚገባ ያሳያል። አዲስ ካፒቴን፣ አዲስ መርከብ፣ ከ1,000 በላይ ሰው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሚስትና ልጅ ናቸው። የሚገጥመው ፍጡር ከአቅሙ በላይ ነው። በሙሉ ፍጥነት ይሸሻል፤ አያመልጥም። ስለዚህ መርከቧን ለሁለት ይከፍላል፤ ቤተሰቦቹን የያዘው ክፍል ወደ ፊት ይሄዳል፣ እርሱ በተዋጊው ክፍል ተመልሶ ይጋፈጣል። ከዚያ? እጅ ይሰጣል። ተመልካች ካፒቴኑን ባወቀበት ሰዓት ውስጥ ሽሽትም እጅ መስጠትም አየ፤ ፈሪ ግን አላለውም፣ ምክንያቱም ራሱን ያስቀረው ከአደጋው ወገን ነው።

የባትልስታር ጋላክቲካው አዛዥ አዳማ (ከከተማዋ ጋር ዝምድና የለውም) ደግሞ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው መነሻ ፊልም ዓለሞቹ ሁሉ ጠፍተው እርሱ ገና ልግጠም ይላል። ጦርነቱ እንዳለቀና የቀረውን ሕዝብ ይዞ መሸሽ እንዳለበት የምትነግረው ወታደር ያልሆነችው ፕሬዚዳንት ሮዝሊን ናት። እርሷ ራሷ ቀደም ብላ ከብርሃን የሚፈጥን ሞተር የሌላቸውን መርከቦች ከነሰዎቻቸው ጥላ የመሄድን ትእዛዝ ሰጥታለች። በቀጣዩ ተከታታይ የመጀመሪያ ክፍል ጠላት በየ33 ደቂቃው ይደርስባቸዋል፤ ለአምስት ቀናት ያለ እንቅልፍ ይሸሻሉ። በመጨረሻም ጠላትን እየመራ ነው ብለው የጠረጠሩትን፣ 1,345 ሰው የተመዘገበበትን የራሳቸውን መርከብ ይመታሉ። ፕሬዚዳንቷ የሕዝቡን ቁጥር የምትጽፍበት ሰሌዳ አለ፤ ክፍሉ ሲጀምር 50,298 ይላል፣ ሲያልቅ 47,973። ያቺ የመጨረሻዋ 3 ቁጥር 2 ነበረች፤ በሽሽቱ መሃል አንድ ሕፃን ተወልዷል። ጀግንነቱን በንግግር ከማስረዳት ይልቅ ሰሌዳ ሰቅለው ተዉት። ስንዱም 46 ሰው ብቻ ነው ያላት፤ ሁሉንም በስም ሊያውቋቸው ይችላሉ። ጣቢያው ላይ የሚቀሩትስ ስንት ናቸው? በረቂቁ ውስጥ አልተጻፈም። ቁጥሩ ካልተጻፈ ሽሽቱ ዋጋ የለውም። ይጻፉት፤ ከተቻለም አንደኛው ድምፅ በሬዲዮ ይሰማ።

ታዲያ ፈሪ ካፒቴን ምን ይመስላል? ለዚህ ወደ ባሕር መመለስ ግድ ነው፤ የጠፈር ካፒቴኖች ከባሕር ነው የመጡት፣ የስታር ትሬክ ፈጣሪ ሮደንቤሪም ከርክን ሲቀርጽ የእንግሊዙን ልብ ወለድ መርከበኛ ሆርንብሎወርን በአእምሮው ይዞ ነበር።

በነሐሴ 1880 እ.ኤ.አ. ጀዳ የተባለች የእንፋሎት መርከብ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሐጃጆችን ይዛ ከሲንጋፖርና ከፔናንግ ወደ ጅዳ ስትጓዝ ውሃ ገባባት። ካፒቴኑና አብዛኞቹ መኮንኖች በሌሊት ጀልባ አውርደው ተሳፋሪውን ጥለው ሄዱ። ሌላ መርከብ አንስቷቸው ኤደን ሲደርሱ መርከቧ ሰጥማለች ብለው ተናገሩ። በማግስቱ ጀዳ በሌላ መርከብ ተጎትታ፣ ተሳፋሪዎቿን እንደያዘች ኤደን ወደብ ገባች። የካፒቴኑ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ታገደ። ልብ ይበሉ፤ ይህ ሰው ያፈገፈገው ከጠላት አይደለም፣ አንድም ጥይት አልነበረም። ፈሪ ያሰኘው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ራሱ ወጣ፣ ከዚያ ዋሸ። ልብ ወለድ ውስጥ ፈሪን ለማሳየት የሚንቀጠቀጥ እጅና ላብ አያስፈልግም፤ የመርከቧን መዝገብ የሚያስተካክል ካፒቴን ይበቃል። ስንዱን ከዚህ ለመለየት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዎታል፤ ትእዛዙ ከነሰዓቱና ከነስሟ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ታድርግ።

ሌላው የፍርሃት ዓይነት ይበልጥ ስውር ነው፣ ብዙ ጊዜም ጀግንነት ይመስላል፤ ፈሪ መባልን መፍራት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1757 አድሚራል ቢንግን ሞናርክ በተባለች የራሳቸው የጦር መርከብ ላይ ረሸኑ። ከአንድ ዓመት በፊት በሚኖርካ ደሴት አጠገብ ከፈረንሳዮች ጋር ተዋግቶ ደሴቷን ሳያድን ተመልሶ ነበር። የሚገርመው፣ የጦር ፍርድ ቤቱ ከፈሪነት ክስ ነጻ አውጥቶታል፤ የፈረደበት «የሚችለውን ሁሉ አላደረገም» በሚል ነው፣ ሕጉ ደግሞ ለዚህ ከሞት ሌላ ቅጣት አልነበረውም። ያ ጥላ ለትውልዶች ቆየ። በነሐሴ 1914 አድሚራል ትሩብሪጅ ክሩዘር በሚባሉ አራት የጦር መርከቦች ጌበን የተባለችውን ከባድ የጀርመን መርከብ ሊገጥም ተነስቶ መለስ አለ፤ መድፏ ከእርሱ ይበልጥ ነበር፣ ትእዛዙም ከሚበልጥህ ኃይል ጋር አትግጠም የሚል ነበር። ቢሆንም ለፍርድ ቀረበ። ጉዳዩ ገና ሳይዘጋ፣ በሌላ ውቅያኖስ ላይ ያለው አድሚራል ክራዶክ የትሩብሪጅ ዕጣ እንዳይደርሰው እንደሚጠነቀቅ ለወዳጁ ጻፈ። ኅዳር 1 ቀን 1914፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከቺሊ ጠረፍ በኮሮኔል አጠገብ ከሚበልጡት የጀርመን ክሩዘሮች ጋር ገጠመ። ሁለት መርከቦች ከ1,600 ከሚጠጉ ሰዎች ጋር ሰጠሙ፤ ከሁለቱ አንድም ሰው አልተረፈም። ትሩብሪጅ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነጻ ተባለ።

ይህ ታሪክ ለምክትልዎ ያስፈልጋል። አሁን ባለው ረቂቅ ምክትሉ ጯሂ ብቻ ነው፤ ስንዱን ትልቅ ለማድረግ የተሠራ ትንሽ ሰው። እንዲህ ያለ ተቃዋሚ ውሃ አይቋጥርም። ምክንያት ይስጡት። የእርሱ የቀድሞ አዛዥ አፈግፍጎ ተከሶ ቢሆንስ? ጣቢያው ላይ ያሉት ሰዎች የስንዱን መርከብ ብርሃን አይተው ቢሆንስ? ምክትሉ በአንድ ነገር እንኳ ትክክል ሲሆን ነው የስንዱ ውሳኔ ክብደት የሚኖረው።

ከክራዶክ ጋር የነበረችውን ግላስጎው የተባለች ቀላል ክሩዘር አስባለሁ። ካፒቴኗ ሉስ እስኪጨልም ድረስ ተዋጋ፤ ተስፋ እንደሌለ ሲያይ ሞንማውዝ የተባለችውን የቆሰለች መርከብ ትቶ ሄደ። ሞንማውዝ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሞቱ። ሉስ ግን ከኋላ እየመጣች የነበረችውን ካኖፐስን ማስጠንቀቅ ነበረበት፤ አሮጌ የጦር መርከብ ናት፣ ምንም ሳታውቅ ወደዚያው እያመራች። አስጠነቀቃት። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ዲሴምበር 8፣ በፎክላንድ ደሴቶች ጀርመኖቹ ሲሸነፉ ግላስጎው እዚያ ነበረች። በማርች 1915 ከፎክላንድ ያመለጠችው የመጨረሻዋ ጀርመናዊት ክሩዘር ስትከበብም እዚያው ነበረች።

አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ከጄሊኮ ይውሰዱ። ይህ እንግሊዛዊ አድሚራል በሜይ 31 ቀን 1916 በጁትላንድ ጦርነት ላይ የጀርመን ቶርፔዶዎች ሲመጡበት መላ መርከቦቹን ጀርባ አሰጥቶ አዞራቸው፤ ጀርመኖቹ በዚያ አጋጣሚ አመለጡት። እስከ ዛሬ ድረስ ያጨቃጭቃል። ነገር ግን ከጦርነቱ ከዓመት ተኩል በፊት፣ በኦክቶበር 1914፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ፊቴን አዞራለሁ ብሎ ለበላዮቹ በደብዳቤ አሳውቆ ነበር፣ እነርሱም ተስማምተው ነበር። ስለዚህ የዚያን ምሽት ድንጋጤ ነው ለማለት አይመችም። ለእርስዎ በጣም የሚረዳው ይህ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማንም ልብ በማይልበት ቦታ፣ ስንዱ ከምክትሏ ጋር ቡና እየጠጣች «ከሁለት በላይ ከሆኑ አልገጥምም» ትበል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሦስት መርከብ ሲታይ አንባቢው ራሱ ያስታውሳል።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ካነሳን፣ እዚያ ውስጥ አንድ ፈንጂ ቀብረዋል። ስንዱ ከወደብ ስትነሳ በመርከበኞቿ ፊት ትፎክራለች። ለአማርኛ አንባቢ ፉከራ ጌጥ አይደለም፣ ዕዳ ነው። ዘራፍ ብሎ በምስክር ፊት የተናገረ ሰው የተናገረውን ሊከፍል ይጠበቅበታል፤ ሳይከፍል ከዞረ ስሙ ይወድቃል። አራቱ አንባቢዎችዎ ፈሪ ያሏት ሦስተኛውን ምዕራፍ አንብበው ሳይሆን የመጀመሪያውን አስታውሰው ሊሆን ይችላል። ፉከራውን ያውጡት፣ ወይም ለምክትሉ ይስጡት። ለእርሱ ቢሰጡት ኋላ ላይ ለምን እንደተናደደ ያለ ማብራሪያ ይገባል፤ ዕዳው የእርሱ ነው፣ እንዳይከፍለው የከለከለችው ግን እርሷ ናት።

ግሶችንም ይመርምሩ። በረቂቁ ውስጥ ተራኪው «ፈረጠጠች» ይላል፤ የሚፈረጥጠው ልጓሙን የበጠሰ ፈረስ ነው። «ሸሸች» ይሻላል፣ ግን ደጋግሞ አይምጣ። «አፈገፈገች» ቀስ ያለ፣ ፊት ለጠላት የሰጠ እንቅስቃሴ ነው፤ ለብሬክ ትእይንት ይስማማል። «ጀርባ ሰጠች» የምክትሉ አፍ ላይ ይቀመጥ፣ ተራኪው አይጠቀምበት። «ስልታዊ ማፈግፈግ» የሚለውን ደግሞ ከማንም አፍ አውጡት፤ በዜና ማሳመሪያነት ብዙ ስላገለገለ አንባቢ ሲሰማው ይስቃል።

ትእዛዙም እንዲሁ። ረቂቁ ውስጥ ስንዱ «ብንሸሽ ይሻላል» ትላለች፤ ይህ ምክር ነው፣ ኃላፊነቱን ለ46 ሰው ያካፍላል። «መርከቧ ትዙር» ብትል ደግሞ ባለቤት የሌለው ትእዛዝ ነው፣ ቢሮ ይሸታል። አብራሪውን በስሙ ጠርታ «ዮናስ፣ ወደ ግራ፣ አርባ ሰከንድ፣ አንድደው» ስትል ትእዛዙ የእርሷ ነው። ምክትሉ እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» እያለ ያወራታል፤ ሲቆጣም ከ«እርስዎ» አይውረድ። «ፈሪ ነሽ» የጎረቤት ጠብ ነው። «ፈሪ ነዎት፣ ካፒቴን» ግን የወታደር ቃል ስለሆነ ይበልጥ ይቆርጣል። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ፣ አያውጡት፤ ቦታውን ግን ይቀይሩት።

አሁን ስድቡ የሚመጣው ካመለጡ በኋላ፣ ሁሉም ተረጋግቶ ሻይ ሲቀርብ ነው። ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ውሻ ይመስላል። ወደ 40ው ሰከንድ ያምጡት። ሁሉም ሰው በ3 ጂ ወንበሩ ላይ ተጣብቋል፤ መነሳት፣ እጅ ማንሳት፣ ፊት ማዞር አይቻልም፤ መናገር ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ረጅም ክርክር በዚያ ክብደት ስር ስለማይሆን ንግግር የመጻፍ ፈተናውም ይቀርልዎታል። ጣሪያውን እያዩ ነው ሁለቱም። ምክትሉ በተቆራረጠ ትንፋሽ ቃሉን ይናገር። ስንዱ ስለ ጀግንነት ምንም አትመልስ። ዮናስን «ስንት ቀረ?» ትበለው፤ እርሱም «አሥራ ሁለት ሰከንድ» ይበል። በዚያ አሥራ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ከጣቢያው ያ የሬዲዮ ድምፅ እንደገና ይምጣ፣ ማንም እጁን አንስቶ ሊዘጋው አይችልም።